ድምፅ የማያስፈልገው ጥሪ

ሱሉልታ ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍሎችን ስለ ኔትወርክ ሳስተምር፣ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ መምህር ከመሆንሽ በፊት ምን ነበር የምትሠሪው?» አለችኝ።

«ሰው ስልክ ላይ ቪፒኤን እጭን ነበር» አልኳት።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። «እሱንማ እኛም እንጭናለን!» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ። «ደመወዝ ይከፈልበታል እንዴ?»

ይከፈልበት ነበር፤ ከደመወዝ ይልቅ ለታክሲና ለምሳ የሚበቃ ነገር ብንለው ይቀላል። ቀጥዬ ላስረዳቸው ስል ደወል ተደወለ፣ ሁሉም ቦርሳውን ይዞ ተነሳ። ነገር ጀምሬ ሳልጨርስ መተው አልወድም። ስለዚህ የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ቡራዩ ነው። ቤተሰቦቼ የአዲስ አበባ ኪራይ ከብዷቸው ወደዚያ ከወጡ ገና ብዙ አልቆዩም ነበር። የኮምፒዩተር ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ ይዤ ስዞር፣ ከአስፋልቱ ዳር «የሞባይልና ኮምፒዩተር ጥገና፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ሰሌዳ ያላት ጠባብ ሱቅ አየሁና ገባሁ። ባለቤቱ ጋሽ ሙዘሚል ወጣትነታቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ ያሳለፉ፣ ከስልጤ መጥተው በንግድ የኖሩ ሰው ናቸው። ዲፕሎማዬን አላዩትም።

«ስልክ ፈትተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ለሰው አንድ ነገር አስረድተሽስ ታውቂያለሽ?»

«ታናናሾቼን አስጠናለሁ።»

«ሲያስቸግሩሽ ትመቺያቸዋለሽ?»

«እንደገና አስረዳቸዋለሁ።»

«በቃ፣ ነገ ነይ።»

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነበር። ከተማው በዙሪያው ወዳሉት ከተሞች ሊሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ይባል ነበር፤ ለእኛ ይህ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አልነበረም። ካርድ ሊገዙ ከሚመጡት መካከል ማሳቸው ላይ ችካል የተተከለባቸው ሰዎች ነበሩ። ተማሪዎች ይወጣሉ፣ መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ጎማ ይነዳል፣ ወታደር የጫነ መኪና ይደርሳል። እኛ መዝጊያውን እናወርዳለን። በማግስቱ ማን ታሰረ፣ ማን ቆሰለ እየተባባልን መልሰን እንከፍታለን። ጋሽ ሙዘሚል ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ሳይደርሱ ሱቅ አይከፍቱም ነበርና፣ ያን ሰሞን አርፍደን የምንከፍትበት ቀን በዛ።

ማኅበራዊ ሚዲያውም በዚያው ሰሞን መዘጋት ጀመረ። ወጣቱ ሁሉ ወደ እኛ መጣ። «ሰሊ፣ ቪፒኤን ጫኚልኝ!» ስሜ ሰላማዊት ነው፤ ሙሉውን የሚጠሩኝ ግን እናቴና ጋሽ ሙዘሚል ብቻ ናቸው።

ቪፒኤን ምን እንደሚሠራ፣ ለማያውቅ አንባቢ፣ ለተማሪዎቼ በምነግራቸው መንገድ ልንገር። ስልካችሁ አንድ ገጽ ለመክፈት ሲፈልግ፣ በር ላይ ላለው ጠባቂ «እከሌ ቤት ልሄድ ነው» ይላል። ጠባቂው «እከሌ ቤት ዛሬ ዝግ ነው» ካለ ትመለሳላችሁ። ቪፒኤን ሲኖራችሁ ግን ለጠባቂው የምትነግሩት ሌላ አገር ያለ አንድ ቤት ነው። ጠባቂው ያንን ቤት አልከለከለምና ያሳልፋችኋል። እዚያ ያለው ሰው በእናንተ ፈንታ ሄዶ የፈለጋችሁትን ያመጣላችኋል። የሚመላለሰው ሁሉ ታሽጎ ስለሚሄድ ጠባቂው ውስጡን አያይም። ከዚህ የበለጠ ረቂቅ ነገር የለውም።

የሚያስቸግረው አገር መምረጡ ነበር። አፕሊኬሽኑ ሲከፈት የባንዲራ ረድፍ ይመጣል። ልጆቹ የሚመርጡት የትኛው ይፈጥናል ብለው አልነበረም፤ መሄድ የሚፈልጉበትን አገር ነበር የሚመርጡት።

«ካናዳ አድርጊልኝ።»

«ካናዳ ሩቅ ነው፣ ይንቀራፈፍብሃል። ጀርመንን ሞክር።»

«ጀርመን ዘመድ የለኝም።»

«የምትሄደው አንተ ሳትሆን ዳታህ ነው እኮ!»

«ቢሆንም ለምልኪ ጥሩ ነው፤ ካናዳ አድርጊው።»

በማግስቱ ይመጣና «ሰሊ፣ ካናዳ አስጠላኝ» ይላል። በዚህ እንስቅ ነበር። በዚያ ሰሞን የሚያስቅ ነገር ውድ ነበር።

የጋሽ ሙዘሚልን አሠራር በቅርብ ያየሁት ያኔ ነው። ሰው ስልኩን ሲዘረጋላቸው አይቀበሉትም። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ ይሉና «እዚያች ላይ ንካ… አይደለም፣ ከሷ በታች… አሁን ጠብቅ» እያሉ ሰውየውን ራሱን ያሠሩታል። ሲጨርስ አጥፍቶ እንደገና እንዲያበራው ያደርጉታል፤ ሳይነገረው ካበራው ይሸኙታል፣ ካልቻለ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ሰልፉ ደጅ ድረስ ሲደርስ እኔ እጨነቃለሁ። «ጋሼ፣ እኔ ቶሎ ቶሎ ልጫንላቸው?» ስላቸው «አንቺ ከጫንሽለት ነገ ሲበላሽበት ወዳንቺ ይመጣል፤ መንገዱ የተዘጋ ቀንስ በየት ይመጣል?» አሉኝ።

አንድ ቀን ሲቪል የለበሰ ሰው ገብቶ «እዚህ ቪፒኤን ትጭናላችሁ አሉ» አለ። ጋሽ ሙዘሚል ረጋ ብለው «እኔ የሰው ስልክ በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ የቆሙትን ጠይቃቸው» አሉት። የቆሙት ሁሉ እየተቀባበሉ መሰከሩላቸው። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ትንሽ ቆመና ፎቶ ኮፒ አስነስቶ ሄደ።

ሌላው ልማዳቸው ጥያቄያቸው ነበር። «አልሠራ አለ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ሌላውን ሁሉ ትተው «በሩ ነው መንገዱ?» ይላሉ። በሩ ሲሉ አንድ ገጽ ብቻ ተከልክሎ ሌላው ይሠራል ማለታቸው ነው፤ ለዚህ ቪፒኤን መፍትሔ አለው። መንገዱ ሲሉ ዳታው ከነአካቴው ጠፍቷል ማለት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ምንም ዓይነት ቪፒኤን አይበጅም። ዛሬ ተማሪዎቼን ስፈትን ይህንን ሳልጠይቅ አላልፍም።

በኋላ ቤተሰቦቼ ሰበታ ቤት ሲያገኙ እኔም ወደዚያ ዞርኩ። አዲሱ አለቃዬ ዳንኤል ወጣት ነበር፤ ሱቁ ሰፊ፣ ወንበሩ የሚሽከረከር። ደንበኛውን ከታክሲ ተሳፋሪ ለይቶ አያየውም፤ ቶሎ ሞልቶ ቶሎ መሸኘት ነው። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ሰው ሳስረዳ ሲያይ «ሰሊ፣ ይኼ ትምህርት ቤት አይደለም!» ይለኝ ነበር። ክፉ ሰው ግን አልነበረም፤ ከባዱን ሥራ አምኖ የሰጠኝም እሱ ነው። አንድ የዱቄት ፋብሪካ የሰበታውን ቢሮ ሱሉልታ ካለው መጋዘን ጋር በቪፒኤን ማገናኘት ፈልጎ ነበር። ዋሻ የምንለው የታሸገ መንገድ ተሠራ፣ ሁለቱም ጫፍ «ተገናኝቷል» ይላል፣ ግን የሰበታው ኮምፒዩተር የሱሉልታውን ማተሚያ ማግኘት አልቻለም። ብዙ ተመላለስኩበት። ለካ ሁለቱም ቢሮዎች ከአምራቹ እንደመጡ ምንም ሳይለወጥባቸው በተተከሉ ራውተሮች የሚሠሩ ነበሩና፣ በሁለቱም ቤት ያሉት ዕቃዎች አንድ ዓይነት አድራሻ ይዘዋል። ሰበታ «ቁጥር አምስት ስጠኝ» ሲል የራሱ ቤት ውስጥ ያለውን ቁጥር አምስት ይፈልጋል፤ ወደ ሱሉልታ መሄድ እንዳለበት እንኳ አያውቅም። የሱሉልታውን ቁጥሮች በሙሉ ለወጥኳቸው፣ ማተሚያው ያን ጊዜውኑ ወረቀት መትፋት ጀመረ። መጋዘኑ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ጫልቱን ያወቅኳት ሰበታ ነው። ከሱቃችን ጀርባ ባለው መንደር ልብስ ትሰፋለች። ከተወለደች ጀምሮ መስማት አትችልም። ባሏ ቶሎሳም እንደሷ ነው፤ ሆለታ አበባ እርሻ ውስጥ አበባ ያሽጋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ሁለቱም ትምህርቱን ገና ከታች ስላቋረጡት ቁጥርና ስማቸውን እንጂ ጽሑፍ አያነቡም። በሳምንቱ መካከል የሚያወሩት በቪዲዮ ጥሪ፣ በእጃቸው ነበር። ቪዲዮው ሲዘጋ ለሌላው ሰው የተዘጋበት መዝናኛ ነው፤ ለእነሱ ግን መነጋገሪያቸው ነው የተዘጋው።

ያመጧት እናቷ አዴ ብርቄ ነበሩ። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» ብለው እንደ ልጃቸው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝና ወዲያው ወደ አማርኛ ተሻገሩ። «ይቺ ልጅ ሰሞኑን እህል አልቀምስ ብላለች። ያንን ነገር ጫኚላት፣ ባሏን ትየው። ነፍሰ ጡር ናት፣ ስታዝን ደስ አይለኝም።»

ቪፒኤኑን አስጫንኳት፣ ጥሪው ተያዘ፣ ቶሎሳ ስክሪኑ ላይ መጣ። እኔ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ፈገግ ስል ጫልቱ ግንባሯን ቋጠረች። ፊቱ ይታያል፣ እጁ ግን ሲንቀሳቀስ ጭጋግ ይሆናል። ለምንሰማው ሰዎች ምስሉ ቢደነቃቀፍም ድምፁ ከመጣ እንግባባለን። ለእነሱ ግን የጣቶቹ መካከለኛ እንቅስቃሴ ከጠፋ ቃሉ ጠፋ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀናት በምሳ ሰዓቴ ቤቷ እየሄድኩ ይህንን አንድ ችግር ሠራሁበት። በጣም ቅርብ የሆነውንና ሰው ያልበዛበትን አገር በየሰዓቱ እየለዋወጥን ፈለግን። የምስሉን ጥራት ዝቅ አደረግኩት፤ የደበዘዘ ግን የማይቆራረጥ ምስል ለእጅ ይሻላል። ስልኩን የስፌት መኪናዋ ላይ አስደግፈን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞርናት። አበባ ያለበትን ቀሚስ ትታ ጠቆር ያለ ሹራብ እንድትለብስ አደረግን፤ እጇ ጎልቶ እንዲወጣ። መጨረሻ ላይ ማይክራፎኑን ዘጋሁት፤ ትንሽም ቢሆን ለምስሉ መንገድ ይለቃል።

«ድምፁን ለምን ዘጋሽው?» አሉ አዴ ብርቄ ደንግጠው።

«ማን ይሰማዋል፣ አዴ?»

«እሱስ ልክ ነሽ» ብለው ሳቁ። «እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ከኋላ ሆኜ ስመርቃቸው የምውል።»

የዚያን ቀን የቶሎሳ ጣቶች አንድ በአንድ ታዩ። ጫልቱ አንድ ነገር አለችው፣ እሱ ሳቀ፣ እሷም በሳቅ ፍርፍር አለች። እኔ ምንም አልገባኝም። ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምልክት በምልክት ታስተምረኝ ጀመር፤ ስሳሳት በመርፌ ማስቀመጫዋ ትመታኝ ነበር።

አሁን ወደ አንዱ ቅዳሜ ልምጣ።

ከጠዋት ጀምሮ መዝጊያውን እስከ ግማሽ አውርደን ነበር። ቡራዩ በኩል ችግር አለ፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ወታደር ገብቷል የሚል ወሬ ደርሶናል። አዴ ብርቄ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት እየጠረገ መጡ፤ ጫልቱ ሆዷን ይዛ ከኋላቸው።

«ሰሊ፣ አለቀልኝ! እኔ ነኝ የደወልኩለት!»

«ይቀመጡ አዴ። ለማን ነው የደወሉት?»

«ለቶሎሳ ነዋ! ዛሬ የሚመጣበት ቀን ነው። የቡራዩን ወሬ ስሰማ እንዳትመጣ ልለው ደወልኩ። ‹ቶሎሳ እንዳትመጣ! ቶሎሳ እንዳትመጣ!› እያልኩ…»

«አዴ፣ ቶሎሳ እኮ አይሰማም።»

«በዚያ ሰዓት ማን ያስታውሰኝ? ደግሞ ዘጋብኝ! መልሼ ደወልኩ፣ መልሶ ዘጋ።»

ጫልቱ እጄን ይዛ የቀረውን በምልክት ነገረችኝ፤ ሳይገባኝ ሲቀር ትደግመዋለች። ቶሎሳ ስልኩ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚያውቀው። ከእናቷ ስልክ የሚመጣ ጥሪ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፣ እሷና ቶሎሳ ተማክረው የወሰኑት ነው፤ ምጧ መጥቷል፣ ድረስ ማለት ነው። ጥሪውን መዝጋቱ ደግሞ «አየሁ፣ መጣሁ» ማለቱ ነው። ምናልባት መንገዱን አይቶ ይቀር የነበረ ሰው፣ አሁን ሚስቱ እያማጠች ነው ብሎ ተነስቷል። ደጋግመን በደወልን ቁጥር ይብስ ይሮጣል።

የፈራችው መንገድ መዘጋቱን አልነበረም። አውራ ጣቷን ወደ ጆሮዋ ወሰደች፣ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ ከዚያ ሁለት እጇን ጠመንጃ እንደያዘ ሰው አደረገች። «ቁም!» ቢሉት አይሰማም። አይቆምም።

አንድ የቪዲዮ ጥሪ ብታገኝ ሁሉም ነገር ባበቃ ነበር። ስልኳን ተቀበልኩና ሥራ ጀመርኩ። ቪፒኤኑ «በመገናኘት ላይ» ይላል፣ ይዞራል፣ ይዞራል። ጀርመንን ሞከርኩ፣ ሌሎቹን ባንዲራዎች በሙሉ ሞከርኩ። ቪፒኤኑ የሚገናኝበትን ዘዴ ለወጥኩ፣ ሌላ ቪፒኤን ከፈትኩ፣ ሲሙን አውጥቼ መለስኩ። ዳንኤል ያለወትሮው አንድም ቃል ሳይናገር የራሱን ስልክ ከፍቶ ሰጠኝ፤ በሱም ሞከርኩ። ጫልቱ ዓይኗን ከጣቶቼ አልነቀለችም። በሙያዬ የማውቀውን ሁሉ አወጣሁ፣ አንዱም አልያዘም።

ጋሽ ሙዘሚል ትዝ አሉኝ። ተራው ጥሪ ይሠራ ስለነበር ደወልኩላቸው፤ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው።

«በሩ ነው መንገዱ?» አሉኝ።

ይህንን ጥያቄ ለስንት ሰው ጠይቄያለሁ፤ ያን ቀን ለራሴ አልጠየቅኩትም። «መንገዱ ነው ጋሼ። ዳታው የለም።»

«እንግዲያ ስልኩን አስቀምጪው። ልጁ በየት ነው የሚመጣው?»

«ከሆለታ በቡራዩ። ሌላ መንገድ የለውም።»

የመዝጊያቸው ብረት ሲነሳ ሰማሁ። «እዚህ ደጄ ላይ ነዋ የሚያልፈው። መኪናው ከወዲያ ቆሟል፣ ሰው በእግሩ እየመጣ ነው። ምን ዓይነት ልጅ ነው?»

«ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ጃኬት የለበሰ።»

«ሰላማዊት፣ ከዚያ የሚመጣው ሁሉ ቀጭንና ጃኬት የለበሰ ነው። ስሙን ብጠራው አይሰማ። በምን ልወቀው?»

ይህንን ለጫልቱ አስተላለፍኩላት። አውራ ጣቷን አገጯ ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፈች።

ያ ምልክት ስሟ ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርስ ሲጠራሩ ፊደል አይቆጥሩም፤ ከሰውየው መልክ ወይም ጠባይ አንድ ነገር ወስደው የእጅ ስም ያወጡለታል። ጫልቱ አገጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት። ስሙን ያወጣላት ቶሎሳ ነው፤ ያን መንገድ ከሚመጣው ሕዝብ መካከል የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ቀኝ እጅዎን ይጨብጡ። አውራ ጣትዎ ብቻ ወደ ላይ ይውጣ። አገጭዎ መካከል ላይ ሁለቴ ነካ፣ ነካ።»

«ነካ፣ ነካ። አደረግኩ።»

«ጣትዎ ቀጥ ይበል፣ ከጎበጠ ሌላ ነገር ይሆናል።»

«ምን ይሆናል?»

ጫልቱን ጠየቅኳት። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ጥርሷ ታየ። «ጥርሴን አመመኝ ይሆናል፣ ጋሼ።»

ቀጥዬ ሦስት ነገር አስተማርኳቸው፤ ልጁ ገና ነው፣ እናቱ ደህና ናት፣ እዚህ ቆይ። እጅ የት እንደሚጀምር፣ መዳፍ ወዴት እንደሚዞር፣ የት ላይ እንደሚቆም፣ ሁሉንም በቃል። ጫልቱ ፊቴ ቆማ ትሠራዋለች፣ እኔ እያየሁ እናገራለሁ፣ እሳቸው ቡራዩ ላይ ይሠሩታል። ከመጀመሪያው እንዲደግሙልኝ አደረግኩ። ሁለተኛው ላይ ስተው አስተካከልኳቸው። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ደረት ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

እኔና አዴ ብርቄ ስልኩ ላይ ጆሯችንን ደፋን። ጫልቱ ፊታችንን ታነባለች።

የእግር ኮቴ፣ የሴት ልቅሶ፣ ከሩቅ ፉጨት ይሰማል። ከዚያ የጎረምሳ ድምፅ፤ «ጋሽ ሙዘሚል፣ ምን ሆነው ነው? አገጭዎን በላዎት?»

«አዎ በልቶኛል፣ እለፍ አንተ።»

ሌላው «አይ፣ ሸምግለዋል!» አለ፤ ተሳሳቁ። ትንሽ ቆይቶ ወፍራም ድምፅ «አባት፣ ወደ ቤት ይግቡ!» ሲል ሰማን።

«ልጄን እየጠበቅኩ ነው።»

«ይግቡ አልኩ!»

«እሺ፣ ሲመጣ።»

ጊዜው አልሄድ አለ። አዴ ብርቄ «ዋቀዮ፣ ዋቀዮ» እያሉ አምላካቸውን ይጠራሉ በለሆሳስ። ድንገት ያ ወፍራም ድምፅ ጮኸ። «አንተ! ቁም! ባለቦርሳው! ቁም እልሃለሁ!» ሌሎች ድምፆች ተጨመሩ። «ቁም! ቁም!» ፊቴ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጫልቱ ግን ክንዴን ጨመቀችው። ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ በሩጫ ተንገጫገጨ፤ የጋሽ ሙዘሚል ትንፋሽ ጆሮዬ ላይ ሞላ።

«አይሰማም! ልጄ ነው! አትንኩት፣ አይሰማም!»

ከዚያ ምንም የለም። ትንፋሽ ብቻ።

«ሰላማዊት።»

«አቤት ጋሼ።»

«ቆመ። አገጬን አይቶ ቆመ።»

አዴ ብርቄ መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ ወደ ጫልቱ ዞርኩና ምልክቱን ፈልጌ አጣሁት፤ ሁለት እጄን አንስቼ ብቻ አወረድኩ። ገባት።

ወታደሮቹ ቦርሳውን አራገፉት፤ የሕፃን ልብስ ነበር የሞላው። ጋሽ ሙዘሚል ይህንን እየነገሩኝ ሳለ አቋረጡና «ልጁ እጁን እያወናጨፈ አንድ ነገር ይለኛል፣ እኔ ምን አውቄ» አሉ።

«ያዩትን ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«ቀኝ መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ። ቀጥሎ ሁለቱን እጆቹን እንደ ሳህን ይዞ ወደ ግራ… አይ፣ ወደ ቀኝ ወሰዳቸው። ከዚያ ትንሿን ጣቱን ግንባሩ ላይ…»

እሳቸው የነገሩኝን እኔ ጫልቱ ፊት ቆሜ ሠራሁት። እነዚህን ምልክቶች አላስተማረችኝም ነበር፤ ምን እያልኩ እንደሆነ አላውቅም። ስሳሳት እየሳቀች እንደገና ታስደግመኛለች፣ እኔም እሳቸውን አስደግማለሁ። በመጨረሻ ዓይኗ ሞላና መልስ ሰጠችኝ። መልሱንም እጅ በእጅ፣ ቃል በቃል ወደ ቡራዩ ላክሁት። አዴ ብርቄ ከታች «ምን አላት? ምን አለችው?» ይላሉ። ዳንኤል «ይተዉት እናት፣ የራሳቸው ነው» አላቸው። እኔም እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

ቶሎሳ መንገዱ እስኪከፈት ጋሽ ሙዘሚል ቤት ተቀመጠ። እንደተከፈተ በመጀመሪያው መኪና መጣ፤ ልጅቷ ስትወለድ በር ላይ ቆሞ ነበር። ወደ ሆለታ አልተመለሰም፣ እዚያው ሰበታ ሥራ ፈለገ። እኔም ዓመቱ ሲያልቅ መምህርነት ለመሠልጠን አመለከትኩ። ዳንኤል ስነግረው «እኔ ድሮም ብዬሻለሁ» አለኝ።

ዳታው ከተመለሰ በኋላ ጫልቱ ልጅቷን አዝላ ሱቅ መጣች። ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ማስቀመጫ ቦታ የለም» የሚል ጽሑፍ ወጥቶበታል። የቪፒኤኑን ምልክት በጣቷ ጠቆመችና እጇን ወደ ውጭ ወረወረች፤ ይውጣልኝ ማለቷ ነው። እንዴት እንደሚጠፋ አሳየኋት። ጣቷን ጫን አድርጋ ያዘችው፣ አጠፋችው፣ ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠቻትና ፎቶ አነሳቻት። ልጅቷ እጇን ስላወራጨች ፎቶው ደበዘዘ። ጫልቱ አየችው፣ አላጠፋችውም፤ ቀጥላ ሌላ አነሳች።